በካቶሊክ ዘርዐ ክህነት የጥንቱና የአዲሱ አስተሳሰብ፤ የጓላ ምሳሌ

ለክህነት በሚማሩ የካቶሊክ ተማሪዎች ዘንድ ስለሚታየው የጥንትና የዘመናዊ አስተሳሰብ ሲነገር፣ ጥንታዊው የታሰረ፣ አዲሱ ግን ነጻ እንደ ሆነ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። እኛም ጥናቱን ስንጀምር አሳባችን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን በ1840ዎቹ በአጋሜ፣ ጓላ በተባለው ቦታ የተቋቋመውን ትምህርት ቤት ስንመረምር ነገሩን ተገላብጦ አገኘነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 በየሀገረ ስብከቱ ዘርዐ ክህነት እንዲቋቋም ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በተስፋፋው ልማድ ተማሪው በአንድ ግቢ ተወስኖ፣ በደወል እየተነሣና እየተኛ፣ ትምህርቱን በላቲን ይማር ነበር። ለዘመኑ አውሮፓ ይህ አዲስ ሥርዓት ነው። በአገራችን ግን ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይዘዋወራል፤ መምህሩንም ራሱ ይመርጣል። እንግዲህ ከሁለቱ የታሰረው የትኛው ነው?

በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኢጣሊያዊው ላዛሪስት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በአገሬው አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ ይህን ልዩነት ያስተዋለ ይመስለናል። እንደ አገሩ መነኵሴ ኖረ፤ ተማሪዎቹም በግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ እንጂ ላቲኖች እንዲሆኑ አልፈለገም። ጥንቱን የጠበቀው እንግዳው መምህር ነበረ ማለት ነው።

ከእርሱ ጋር ከሠሩት ዋነኛው በ1791 በጎጃም የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ስለ ቅባትና ስለ ጸጋ በተነሣው ክርክር እውነቱን ለማግኘት ከመምህር ወደ መምህር ሲመላለሱ የቆዩ ሊቅ ነበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ወደ ግብጽ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሄደው እስከ ሮማ ደረሱ። በ1844 የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። ለወጣቶቹ ዕውቀታቸውን እያካፈሉ ራሳቸውም ተማሪ ሆኑ፤ በ1851 ካህን ሆኑ፤ በ1855ም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ስለ እምነታቸው ታስረው ሳሉ ዐረፉ። ዛሬ ዘመናዊ የምንለውን እየጠየቁ የመማር መንፈስ ያገኙት፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ከላቲን መጽሐፍ ሳይሆን ከአገራቸው ጉባኤ ቤት ነው።

በ1919 በሮማ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሲቋቋም ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በከተማዪቱ ነገረ መለኮት በላቲን በሚሰጥበት ዘመን የተማሪዎቹ ቅዳሴ በግዕዝ ነበር። በእንዲህ ያለው ትምህርት የሚያሠጋው፣ ግዕዙ ለዜማ ብቻ ቀርቶ ማሰቡ ሁሉ ለላቲን እንዳይተው ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ ከአባቶቻቸው ሥርዓት የራቁት ወደ እርሱ እንዲመለሱ አዘዘ። በዘመኑ አዲስ የተባለው ጉባኤ ያዘዘው አሮጌውን መንገድ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድን ተማሪ አስተሳሰብ ለመመዘን የትምህርቱን ዕድሜ መቍጠር እንደማይበቃ ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ትምህርቱ ተማሪውን እንዲመረምር ያደፋፍረዋል ወይስ እንዲደግም ብቻ ያዘዋል የሚለው ነው፤ ይህም ጥያቄ እኛንም ተማሪዎቹን የሚመለከት ይመስለናል።