በካሜራ ሰውን የመከታተል ዘዴዎች እንዴት እንደ ተመዘኑ

በፊልም ላይ የሚሄደውን ሰው ኮምፒዩተር እንዲከታተል የሚያደርጉ ዘዴዎች ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሚሻል በምን ይታወቃል? የእኛ ጥያቄ ይህ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ ተመራማሪው ዘዴውን የሚፈትነው ብዙውን ጊዜ በራሱ ፊልም ነበር። በ2000 ዓ.ም. በግሬኖብል የተጀመረው የፔትስ ጉባኤ ግን ለሁሉም አንድ ፊልም አቀረበ።

በ2008 ዓ.ም. በርናርዲንና ሽቲፈልሃገን ሞታ የተባለውን መለኪያ አብራርተው አሳተሙ፤ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ደስ አይልም። ያልታዩትን፥ በሐሰት የታዩትንና የተለዋወጡትን ሰዎች ደምሮ፥ በእውነት ለነበሩት ብዛት አካፍሎ ከ1 ይቀንሳል። ጉድለቱን እንመልከት፤ አበበን አንድ ጊዜ ከበደ ያለ ዘዴ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ከበደ እንዳለው ቢቀር፥ የመለዋወጥ ስሕተት ሆኖ የሚቆጠርበት አንድ ብቻ ነው። ለጥበቃ ሥራ ግን ከዚህ የከፋ ስሕተት ያለ አይመስለንም።

በ2016 ዓ.ም. ሪስታኒና ባልደረቦቹ፥ እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ጊዜ በራሱ መለያ እንደ ተያዘ የሚለካውን አይ.ዲ.ኤፍ. 1 አወጡ። ከመለኪያው ጋር ያቀረቡት ፊልም በ2014 ዓ.ም. በዱክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በ8 ካሜራ የተነሣ ነው፤ ከ2,000 በላይ ሰዎች፥ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎችም ጭምር፥ ይታዩበታል። ከተሰጠው ፈቃድ ውጭ በደጅ በመነሣቱና ያለ ጥበቃ በመታደሉ በ2019 ዓ.ም. ከሥርጭት ተነሣ። በመለኪያው ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።