ስለ አእምሮ ሕሙማን አስተማመምና ስለ መድኃኒታቸው

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር እውነተኛነቱ በብዙ ነገር የታወቀ ቢሆንም፥ በአእምሮው ለታመመ ሰው ሲሆን ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። ጎረቤታችን በወባ ወይም በሳንባ ነቀርሳ ቢታመም ብርቱካን ይዘን ሄደን እንጠይቀዋለን፤ አእምሮው የታወከ እንደ ሆነ ግን በሩ ይዘጋና ነገሩ የቤተ ሰብ ምስጢር ይሆናል። «አማኑኤል» የሚለው ስም እንኳ በከተማችን መንገድ ላይ ለስድብ የሚወረወር ቃል እስከ መሆን ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ ባይፖላር ስለሚባለው ሕመም፥ በአገራችንም እንዴት ሲታከምና ሲታመም እንደ ኖረ በአጭሩ ለመግለጽ አስቤያለሁ።

ባይፖላር ማለት የሰው ስሜት በሁለት ጫፍ መካከል የሚወዛወዝበት ሕመም ነው። በአንዱ ወቅት ሕመምተኛው እንቅልፍ ያጣል፤ ንግግሩ ይፈጥናል፤ ገንዘቡን ይበትናል፤ የማይቻለው ነገር ያለ አይመስለውም። በሌላው ወቅት ደግሞ ከአልጋው መነሣት ይሳነዋል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ አንዳንዴም ሞቱን ይመኛል። በሁለቱ መካከል እንደ ማንኛውም ሰው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ይህን የሕመም ዓይነት ከሌሎቹ የአእምሮ ሕመሞች ለይቶ በግልጽ ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን ሲሆን፥ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ነበር።

በአገራችን ግን ሕመሙ በዚህ ስም ከመታወቁ በፊት ሕመምተኛው ነበረ። ዘመዶቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ግማሹ ወደ ጠበል፥ ግማሹ ወደ ዛር ቤት፥ ግማሹም ወደ ሼኽ ይወስደው ነበር። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ በዚያን ጊዜ ግዮን ትባል በነበረችው በወሊሶ ስለሚደረገው የእምነት ፈውስ ያጠናውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. አሳትሟል። ጠበሉ ለብዙ ሰው ተስፋና መጠጊያ እንደ ሆነ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሕመምተኛው ሲያይልበት የሚይዘው ሰው ስለሚቸግር፥ ሰንሰለትና ገመድ የማስታመሚያ መሣሪያ ሆነው ኖረዋል። ያሰሩትም በክፋት አልነበረም፤ ሌላ መንገድ የሚያሳያቸው በማጣታቸው እንጂ።

የአማኑኤል ሆስፒታል በጠላት ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የቆመው ሆስፒታል እርሱ ነበር። ስፍራው ከመርካቶ አጠገብ፥ በከተማይቱ ምዕራባዊ ወገን ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓመታት ከተሠራ ወዲህ ከተማይቱ ወደ ምሥራቅ እየሰፋች፥ የእርሻ ማሳ የነበረው ቦሌና ገርጂ፥ ኮተቤና አያት በሕዝብ ተሞልተዋል። ሕክምናው ግን በነበረበት በመቈየቱ የኮተቤ እናት የታወከ ልጇን በሁለትና በሦስት ታክሲ፥ በሰው ዓይን መካከል፥ ከተማውን አቋርጣ ትወስደው ነበር። ብዙዎች ሕክምናውን በመንገድ የተዉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው። ጆን ኬድ የተባለው አውስትራልያዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ተማርኮ ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ከቈየ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ ሊቲየም የሚባለው ጨው የታወከን አእምሮ እንደሚያረጋጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. አስታወቀ። መድኃኒቱን በመጀመሪያ የወሰደው ሰው ለብዙ ዓመት በሆስፒታል የኖረ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሽሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ነገር ግን ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ስለ ተወ ሕመሙ አገረሸበት። ዳግመኛ ጀምሮም ሳለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ከልክ አልፎ ሞተ። ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን፤ መድኃኒትን በገዛ እጅ ማቋረጥ ሕመምን ይመልሳል፤ ያለ ክትትል የሚወሰድ መድኃኒትም ይገድላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዴንማርካዊው ሞገንስ ሹ ሊቲየምን በሥርዓት መርምሮ ጥቅሙን አረጋገጠ። በ1952 ዓ.ም. እንደዚያው አቆጣጠር በፓሪስ በሥራ ላይ የዋለው ክሎርፕሮማዚን፥ ኋላም ሃሎፔሪዶል፥ ካርባማዜፒንና ሶዲየም ቫልፕሮኤት ተከታትለው መጡ።

መድኃኒት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሚሰጥና የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። በአገራችን የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፥ በዓለም ጤና ድርጅት ርዳታ በ1979 ዓ.ም. በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማሠልጠን ተጀመረ። እነዚህ ነርሶች ወደየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታሎች እየተላኩ፥ ሐኪም በሌለበት መርማሪም መድኃኒት አዛዥም አስታማሚም ሆነው ሠሩ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ከካናዳው ከቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ጋር ተባብሮ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ፥ ከዚያም በኋላ፥ ሸክሙን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በቡታጅራ ቤት ለቤት በተደረገው ጥናት ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀው፥ ከ300 የሚበልጡ የባይፖላር ሕመምተኞች ተገኝተዋል። ከእነርሱም አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ።

ነርስ የምትሠራው ምንድን ነው ቢሉ፥ ሥራዋ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። ያየለበትን ሰው ጫጫታ ከሌለበት ክፍል ታስቀምጠዋለች፤ በዝግታና በአጭር ቃል ታነጋግረዋለች፤ በክርክር አትረታውም። ቁጭ ብሎ መብላት ስለማይችል እየተራመደ የሚጐርሰው ታዘጋጅለታለች፤ ውኃ መጠጣቱንና መተኛቱን ትከታተላለች። ልቡ ያዘነበትን ደግሞ ብቻውን አትተወውም፤ ይልቁንም ጕልበቱ መመለስ ሲጀምር ራሱን እንዳይጐዳ ትጠነቀቃለች። ሊቲየም ለሚወስድ ሰው ደሙ በየጊዜው ይመረመራል፤ ኩላሊቱና እንቅርቱም እንዲሁ። እጁ ቢንቀጠቀጥ፥ ቢያስመልሰው፥ ቢያስቀምጠው ወይም አካሄዱ ቢወላገድ የመርዝነት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ጨውን በድንገት መተው፥ ውኃ ሳይጠጡ መዋል፥ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከገበያ ገዝቶ መዋጥ በደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጾመኛ የሆነ ሁሉ፥ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፥ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያላት ሴትም ቫልፕሮኤት ፅንስን ሊጐዳ እንደሚችል ማወቅ ይገባታል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጠረጴዛዬ አጠገብ ይሠራ የነበረ አንድ ባልደረባዬ ከገርጂ እስከ ኮተቤ አዲስ ከተማ እሠራለሁ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ፕላን ይነድፍ ጀመር። የወር ደመወዙን በአውቶቡስ መጠበቂያ ለቆሙ ሰዎች አደለ። እኛም ሳቅን፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ታክሞ ተሽሎት ሲመለስ ደስ አለን። ከስምንት ወር በኋላ ግን ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ስለ ተወ ሕመሙ ተመለሰበት። በዚህ ጊዜ ስለ መሰናበቱ ስብሰባ ተቀመጠ፤ ቃለ ጉባኤ ጸሓፊው እኔ ስለ ነበርሁ የስንብቱን ደብዳቤ አስቀድሜ አርቅቄ ነበር። ታላቅ እኅቱ መጥታ የምትከታተለው ነርስ የጻፈችለትን የቀጠሮ ካርድ በጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ወንድሜ ሥራ አልጠላም፤ ታሞ ነው። ሲስተር በየወሩ ታየዋለች፤ መድኃኒቱን እኔ ቈጥሬ እሰጠዋለሁ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ሊቀ መንበሩ ካርዱን ብዙ ጊዜ ካገላበጡ በኋላ ነገሩ ለስድስት ወር እንዲቈይ አደረጉ። ያረቀቅሁትን ደብዳቤ ያን ቀን ቀደድሁት። ባልደረባዬ ዛሬም በዚያው ጠረጴዛ ይሠራል፤ መዝገብ አያያዙም ከእኔ የተሻለ ነው።

አሁን ነገሩ በአንዳንድ በኩል ተሻሽሏል። ለአማኑኤል ማስፋፊያ ታስቦ በምሥራቅ አዲስ አበባ የተሠራው የየካ ኮተቤ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ለዚያ በሽታ ሕሙማን ቢውልም፥ የአእምሮ ሕክምናን ከጠቅላላው ሕክምና ጋር አንድ ላይ የያዘ ሆኗል። የአእምሮ ሕመምተኛው ልቡን ወይም ሆዱን ከታመመው ሰው ጋር በአንድ በር መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሩ አንድ ሲሆን ሐፍረቱ ይቀንሳልና። በዚያው በምሥራቁ ወገን የመቄዶንያ ማእከል ጧሪ ያጡትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ከየጐዳናው እያነሣ ያስታምማል።

የቀረው ግን የእኛ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የምንደብቀው ግን ሰው ስለሚስቅብን ነው። መምህር ሆይ፥ እንቅልፍ ያጣውን ተማሪ ከመቅጣትህ በፊት ጠይቀው። ሹም ሆይ፥ መዝገቡ ከፊትህ ሲቀርብ የቀጠሮ ካርዱንም እይ። ሐኪም መድኃኒቱን ያዝዛል፤ ነርስ ትከታተላለች፤ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ የሚመለስበትን ስፍራ ጠብቀን ማቈየት ግን የሁላችንም ሥራ ነው።