የአባትን ስም ማረም

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የወጣ ሰው፣ ካህኑ በጸሎት እንዲያስበው ቢሻ የሚናገረው የክርስትና ስሙን ነው። ያው ሰው ከተራራው ወርዶ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲገባ ግን የሚጻፈው የዓለም ስሙ ነው፣ ከነአባቱና ከነአያቱ። መቼስ ሣህለ ማርያምም በ1882 ዓ.ም. እዚያው ጎረቤት እንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ምኒልክ ተብለው ነው።

አንድን መዝገብ እንደየጠያቂው በተለያየ መልክ ማሳየት በኮምፒዩተሩ ዓለም ብዙ አድክሟል። ድሮ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው መረጃው የተቀመጠበትን መንገድ ማወቅ ነበረበት፤ አቀማመጡ ከተለወጠ ሥራው ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ በአይ.ቢ.ኤም. የሚሠራው ኤድጋር ኮድ መላ አመጣ፦ መረጃው በሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር እንጂ መንገዱን አይምራ። ከተከማቹት ሠንጠረዦች ሲጠየቅ ብቻ የሚወጣ፣ ራሱ ግን ያልተከማቸ ሠንጠረዥም ተፈጠረ። ፈረንጆቹ ቪው ይሉታል፤ እኛ «እይታ» እንበለው።

እንግዲህ የእኛ ሙሉ ስም እይታ ነው። የልጅ፣ የአባትና የአያት መስመር ተያይዞ የሚወጣ እንጂ የአንድ ሰው ብቻ ንብረት አይደለም። ማየቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማረሙ ላይ ነው።

የማውቃት ሴት የአባቷ ስም በእሷ ወረቀት «ገብሬ»፣ በወንድሟ «ገብረ ማርያም» ሆኖ ውርስ ላይ ተቸገረች። ጸሐፊው «ገብሬ»ን ሰርዞ «ገብረ ማርያም» ቢልላት ምን ማለቱ ነው? የአንድ አባት ስም ተስተካከለ? ወይስ ሴትዮዋ ከአንድ አባት ወደ ሌላ ተዛወረች? በመጀመሪያው የሚነካው የአባትየው መስመር ነው፣ የልጆቹ ሁሉ ስም አብሮ ይታረማል። በሁለተኛው የሚነካው የእሷ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ!

ኮድ እ.ኤ.አ. በ1985 ካወጣቸው መመዘኛዎች 6ኛው፣ በንድፈ ሐሳብ ሊታረም የሚችል እይታ ሁሉ በሥርዓቱም ይታረም ይላል። የትኛው ሊታረም ይችላል? ለሁሉም እይታ ይህን የሚለይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ከሦስት ዓመት በኋላ በሒሳብ ታየ። ኮምፒዩተሩ የጸሐፊውን ሐሳብ አያነብማ።

በእኛ አገር የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም.፣ የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ ቁጥር 1284 ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ወጥተዋል። የመታወቂያ ቁጥር እኔ እኔ መሆኔን ይመሰክራል። የማን ልጅ፣ የማን ወንድም እንደሆንኩ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ሴትዮዋን የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ እንጦጦ አገኘኋት። የእሷ ወረቀት ታርሟል። የአባቷ የሞት ማስረጃ ላይ ግን አሁንም «ገብሬ» ነው የሚለው።