የአሩስ እንግዶችና የገዳሪፍ መንገደኞች

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቀይ ባሕር ጠልቆ ለመዋኘት የተመኘ አውሮፓዊ፣ ጄኔቫ በሚገኙ የጉዞ ወኪሎች ዘንድ ስለ አሩስ የመዝናኛ መንደር የተዘጋጀ ያማረ መግለጫ ያገኝ ነበር። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ይህን መንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ጣሊያናውያን ባለሀብቶች ናቸው፤ ውኃ፣ መብራትና መንገድ ስላልነበረው ግን ትተውት ሄዱ።

ባሕሩስ የሚታማ አልነበረም። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 ጠላቂዎቹን ለአንድ ወር ያህል ከባሕር በታች ያኖረው በዚያው ዳርቻ፣ በሻዕብ ሩሚ ነው። በ1940 ካፒቴኗ ሆን ብሎ ያሰጠማት ቦምብ ጫኝዋ የጣሊያን መርከብ ኡምብሪያም ዛሬ ድረስ ጠላቂዎችን ትስባለች።

መንደሩን ከሱዳን መንግሥት ለሦስት ዓመት በ320 ሺህ ዶላር የተከራየው የስዊስ ኩባንያ ነኝ ባይ፣ በእርግጥ የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ ነበር። እንግዶቹ ይህን አያውቁም። ይጠልቃሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ይመለሳሉ። የመገናኛ ሬዲዮው የተደበቀው በመጥለቂያ ዕቃዎች ማከማቻ ውስጥ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ያለው ከባሕሩ እጅግ ርቆ፣ በገዳሪፍ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ በእግር የወጡ ቤተ እስራኤላውያን በኡም ራኩባና በተዋዋ መጠለያዎች ማንነታቸውን ሸሽገው ከሌሎች ስደተኞች ጋር ይኖሩ ነበር። በ1979 ሱዳን የገባው መምህር ፈረደ አክሉም ለእርዳታ ድርጅቶች መልእክት ባይልክ ኖሮ፣ የአሩስ መንደር ባዶውን በቀረ ነበር። ከሞሳዱ መኮንን ከዳኒ ሊሞር ጋር ሆኖ ወገኖቹን በየመጠለያው ያፈላልግ የነበረው እርሱ ነው።

ጉዞው በሌሊት ነበር። መንገደኞቹ በጭነት መኪና ተፋፍገው ኬላዎችን ያልፋሉ፤ ቀን በጥሻ ተደብቀው ይውላሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ይቀጥላሉ። ዳርቻው ሲደርሱ የእስራኤል ባሕር ኃይል አባላት በጎማ ጀልባ ተቀብለው ራቅ ብላ ወደምትጠብቅ መርከብ ያደርሷቸዋል። ከደጋ የመጣው አብዛኛው ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም። አንዱ ለመጥለቅ ብር የከፈለበትን ውኃ ሌላው በጨለማ፣ ልጁን አቅፎ፣ በፍርሃት ተሻገረው።

በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንዲስቶች መስለዋቸው በጀልባው ላይ ተኮሱ። ከዚያ ወዲህ በረሃ ላይ በሚያርፉ ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች መጠቀም ተጀመረ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ደግሞ በዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከካርቱም በአየር ተወሰዱ። በመጋቢት 1985 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አቅራቢያ 500 ያህል ሰዎችን አነሡ። በሚያዝያ ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርድ የአሩስ አስተዳዳሪዎች በአንድ ሌሊት ጠፉ፤ እንግዶቹ ሲነቁ ያገኙት የአገሩን ሠራተኞች ብቻ ነበር።

በ2019 ስለዚህ ታሪክ የወጣው ፊልም የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። የሚያተኩረውም በሰላዮቹ ላይ ስለሆነ ገዳሪፍ ጥላዋ ብቻ ይታያል። በመንገድና በመጠለያ ካለቁት 4 ሺህ ገደማ ሰዎች ብዙዎቹ የተቀበሩት ግን በኡም ራኩባና በአካባቢዋ ነው። መታሰቢያቸው የቆመው በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ ላይ ነው። ኡም ራኩባም በ2020 ከትግራይ የተሰደዱትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተች።