ዝም ያለው ራኬት

ልጆች አዲስ ራኬት ይዘው ወደ ሰፈራችን የወጣት ማዕከል ሲመጡ ወላጆቻቸው ከኋላ ቆመው «እስቲ ጋሼ፣ ይሄ ደህና ነው?» ይሉኛል። ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ላስቲኩ ከእጀታው በላይ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ቦታ የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ምልክትና የፋብሪካው ስም ታትሞ ካገኘሁ፣ ላስቲኩ ለውድድር ከተፈቀዱት መካከል ነው ማለት ነው። ቀጥዬ ራኬቱን በጎኑ አዙሬ ውፍረቱን እመለከታለሁ፤ ከዚያም ሁለቱን ቀለሞች። ብዙ ሰው እነዚህን ነገሮች የፋብሪካ ጌጥ አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን እያንዳንዳቸው ከአንድ ትልቅ ጠብ በኋላ የመጡ መሆናቸውን ስለማውቅ እንዲሁ አላልፋቸውም። ራኬት መግዛት የሚፈልግ ሰውም ማሸጊያው ላይ የተሳሉትን ኮከቦች ከሚቆጥር ይልቅ የእነዚያን ጠቦች ታሪክ ቢሰማ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጨዋታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ ባለጸጎች ቤት ከእራት በኋላ የሚያዝናና ነገር ነበር። የዚያን ጊዜው ራኬት ረዥም እጀታና ብራና የተወጠረበት ክብ እንጨት ነው፤ ኳሷን ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። በ1900 ግድም ቀላልና ደህና የምትነጥር የሴሉሎይድ ኳስ ብትመጣም፣ ብራናው ከመመለስ በቀር ሌላ ነገር ሊያደርጋት አይችልም ነበር። በ1902 ኢ. ሲ. ጉድ የተባለ እንግሊዛዊ እንጨት ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ያሉት ጎማ ለጠፈ። ሐሳቡ የመጣለት መድኃኒት ቤት ሂሳብ ሲከፍል፣ ሳንቲም የሚቀመጥባትን ጉብታ ያላት የጎማ ምንጣፍ ባንኮኒው ላይ አይቶ ነው እየተባለ ይተረካል። ጎማው ኳሷን ለቅጽበት ያዝ ያደርጋታል። ያዝ ያደረጓትን ኳስ ደግሞ ማሽከርከር ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ከዚህች ቅጽበት የተወለደ ነው።

ፌዴሬሽኑ በ1926 ተቋቁሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለንደን ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ሲያዘጋጅ ይህ ጉብታማ ጎማ የሁሉም መሣሪያ ሆኖ ነበር። ሃንጋሪያዊው ቪክቶር ባርና በነጠላ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በእሱ ነው። ጎማው ግን ከአጥቂ ይልቅ ለተከላካይ ያደላል። ከጠረጴዛው ርቆ ቆሞ ኳሷን ከሥሯ እየቆረጠ የሚመልስ ሰው የማይሰለቸው ከሆነ አይሸነፍም። በ1936 ፕራግ ላይ ፖላንዳዊው ኤርሊችና ሮማኒያዊው ፓኔት ለአንዲት ነጥብ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ተመላለሱ። ተመልካች እንዴት ተቀምጦ እንዳየው ሳስብ ይገርመኛል። ፌዴሬሽኑም ብዙ አልቆየም፤ በዓመቱ የመረቡን ከፍታ ከ17 ሴንቲ ሜትር ግድም ወደ 15.25 ዝቅ አደረገ። ራኬት ሕግ ሲያስለውጥ ያ የመጀመሪያው አልነበረም ቢባል እንኳ፣ እኔ ለልጆቹ ስነግር የምጀምረው ከዚያ ነው።

ወደ ቦምቤይ ልሂድ። የካቲት 1952፣ የዓለም ሻምፒዮና። ከጃፓን ሂሮጂ ሳቶ የሚባል መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው መጣ። ራኬቱ ላይ የለጠፈው የተለመደውን ጎማ ሳይሆን ወፍራም ስፖንጅ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልልቆቹ ተጫዋቾች የሚጫወቱት በዓይናቸው ብቻ አልነበረም፤ ጎማ እንጨት ላይ ተለጥፎ ኳስ ሲመታ የሚሰማው «ኳ» ምቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ኳሷ መቼ እንደምትደርስ ይነግራቸው ነበር። የሳቶ ራኬት ድምፅ የለውም። ኳሷ ስፖንጁ ውስጥ ሰጥማ ትቆይና በማይጠበቅ ፍጥነትና ሽክርክሪት ተወርውራ ትወጣለች። ከተሸነፉት አንዱ ለዋንጫው ይጠበቅ የነበረው አሜሪካዊው ማርቲ ራይስማን ነው፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም የድሮው ጠንካራ ራኬት ጠበቃ ሆኖ ኖረ። ሳቶ በፍጻሜው ሃንጋሪያዊውን ዮዜፍ ኮቺያንን አሸንፎ ዋንጫውን ወደ እስያ ወሰደ።

የሳቶን ድል «የስፖንጅ ድል ነው» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስፖንጁን ማንም ሊገዛው ይችል ነበር፤ በእሱ መጫወት ግን ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን ያሳየው ሌላው ጃፓናዊ ኢቺሮ ኦጊሙራ ነው። በ1954 ለንደን ላይ፣ በ1956 ደግሞ በገዛ አገሩ ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እግሩ ፈጣን፣ ልምምዱ የማያባራ ሰው ነበር፤ ኋላም የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ በ1991 ቺባ ላይ ሁለቱ ኮሪያዎች በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ክርክሩ ለሰባት ዓመት ያህል ቀጠለ። አንዳንዱ ስፖንጅ ጭራሽ ይታገድ አለ፤ ሌላው እንዳለ ይተው አለ። በ1959 ፌዴሬሽኑ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ባዶ ስፖንጅ ተከለከለ። ስፖንጅ ከላዩ ጎማ ከለበሰ ግን ተፈቀደ፤ ጎማውም ስፖንጁም ማጣበቂያውም አንድ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጡ፣ ስፖንጅ የሌለው ጉብታማ ጎማ ደግሞ ከ2 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ራኬቱን በጎኑ አዙሬ የማየው ያንን ነው። በዚያው ዓመት ዶርትሙንድ ላይ ሮንግ ጉዎቱዋን በማንኛውም ስፖርት የቻይና የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የጨዋታው ማዕከልም ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞረ።

የቀለሙ ነገር ከዚህ ይረቅቃል። በ1970ዎቹ አንዳንድ ተጫዋቾች በራኬቱ አንድ ገጽ ኳስ አጥብቆ የሚይዝ ለስላሳ ላስቲክ፣ በሌላው ደግሞ ሽክርክሪት የሚገድል ወይም ረዣዥም ጉብታ ያለው ላስቲክ ይለጥፉ ጀመር። ሁለቱም ገጾች አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ራኬቱን ከጠረጴዛው ሥር አንዴ ፈተል ካደረጉት፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ኳሷ በየትኛው እንደተመታች ማወቅ አይችልም። በዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ምቶች፣ አንዷ ኳስ ወደ ጣሪያ ትወጣለች፣ ሌላዋ መረብ ውስጥ ትገባለች። የቀረው መላ ጆሮ ነበር፤ ሁለቱ ላስቲኮች የሚሰጡት ድምፅ ትንሽ ይለያያል። ይህን የነቁ ተጫዋቾች ሰርቭ ሲያደርጉ እግራቸውን ወለሉ ላይ በኃይል እየመቱ ያችንም ድምፅ ሸፈኗት። በ1981 ኖቪ ሳድ ላይ ቻይናውያን ሰባቱንም ዋንጫ ሲጠራርጉ እንዲህ ካለው ራኬት ጋር ስሙ የሚነሳው ካይ ዠንኋ በነጠላ ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። በ1983 ሁለቱ ገጾች በግልጽ እንዲለያዩ ታዘዘ፤ በ1986 ደግሞ አንዱ ቀይ ሌላው ጥቁር እንዲሆን ተወሰነ። ከ2021 ወዲህ ጥቁሩ እንዳለ ሆኖ በቀዩ ፈንታ ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማድረግ ይቻላል። ልጅ ሁለቱም ገጹ ቀይ የሆነ ራኬት ሲያመጣልኝ ለውድድር እንደማይሆን ወዲያው እነግረዋለሁ፤ ምክንያቱንም ጭምር።

ማስቲሹንም ላንሳ። ላስቲኩ ከጨዋታ በፊት በብስክሌት ጎማ ማስቲሽ ሲለጠፍ ስፖንጁ ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ኳሷም ትፈተለካለች። ብልሃቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ ተነስቶ ዓለምን አዳረሰ። የጨዋታ አዳራሽ መልበሻ ክፍሎች በመርዛማ ሽታ ታፈኑ፤ ከ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በኋላ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ታገደ። ፋብሪካዎቹም ያንን ውጥረት ከመጀመሪያው ላስቲኩ ውስጥ እንዲኖር አድርገው መሥራት ያዙ፤ የዛሬ ላስቲክ ውድ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ኳሷም በ2000 ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር ማደጓ፣ በ2014ም ከሴሉሎይድ ወደ ፕላስቲክ መለወጧ ፍጥነትና ሽክርክሪት ቀንሶባታል።

አንድ ነገር ልጆቹን ሁሌ ያስገርማቸዋል፤ ለራኬት መጠን፣ ቅርጽና ክብደት ገደብ የለም። ሕጉ የሚጠይቀው እንጨቱ ጠፍጣፋና ጠንካራ እንዲሆን፣ ከውፍረቱም ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ነው። የካርቦን ንብብሩ ከ0.35 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወላጆች ግን «ካርቦን አለው» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ጥሩ ነገር ያገኙ ይመስላቸዋል። ለጀማሪ አምስት ስስ የእንጨት ንብብር ብቻ ያለውን ነው የምመርጠው። ካርቦኑ ኳሷን ቶሎ ያባርራታል፤ ልጁ በእጁ ምን እንደሠራ ሳይሰማው ኳሷ ሄዳለች።

ላስቲኩን የምፈትነው በኳስ ነው። ኳሷን ላስቲኩ ላይ አስቀምጬ በመዳፌ ጫን እያልኩ ወደ ጎን እገፋታለሁ። ደህና ላስቲክ ይይዛታል፤ ተንከባልላ ካልሆነ አትሄድም። ርካሹ ወይም ያረጀው ያንሸራትታታል፣ እየጮኸ። ከዚያ ስፖንጁን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ ተመልሶ መነሳት አለበት። ጠርዙን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሳ አድርጌ ላስቲኩ ከእንጨቱ መላቀቅ አለመላቀቁን አያለሁ። በመጨረሻ ላስቲክ የሌለበትን የእንጨቱን ትንሽ ክፍል በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳዋለሁ፤ የደረቀና አንድ ወጥ ድምፅ ከሰጠኝ ንብብሮቹ ደህና ተጣብቀዋል፣ ጎደሎና የታፈነ ድምፅ ከሰጠኝ ውስጡ ላልቷል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷን የሚይዛትና የሚያዘገያት ያንሳል፤ ሽክርክሪቷም አየሩን ቆንጥጦ መንገዷን የሚያጎብጥበት አቅም ያንሳል። ከባሕር ዳርቻ አገር «መካከለኛ ፍጥነት» ተብሎ የተላከ ራኬት እዚህ ፈጣን ይሆናል። ስለዚህ ለልጅ የሚገዛ ሰው ከሚመከረው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ይውሰድ፤ ስፖንጁ ከ1.5 እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ላስቲኩንም ከጨዋታ በኋላ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ቦታ በሽፋኑ ያስቀምጠው፤ የሐሩር ፀሐይ ላስቲክን በአጭር ጊዜ ያደርቀዋል፣ ያኔ ኳሷ መንሸራተት ትጀምራለች።