የመርከቡ ሥዕልና የእናት ማሰሮ

«የወንድ ሽቶ» የሚባለው ነገር ወንድነቱን ከየት አገኘው? ቀን የባንክ ሒሳብ ሳመሳክር ውዬ ማታ ስንኝ ለምቋጥር ለእኔ፣ ጥያቄው ከቃላት ጥያቄ የራቀ አይደለም። የኦልድ ስፓይስን ታሪክ ሳገላብጥ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ።

ዊልያም ላይትፉት ሹልትዝ ሹልተን የተባለውን ድርጅት በአሜሪካ የመሠረተው በ1934 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1937 የወጣው የመጀመሪያው ኦልድ ስፓይስ የሴቶች ሽቶ ነው፤ መነሻውም እናቱ ደረቅ አበባና ቅመም ያኖሩበት የነበረ ማሰሮ እንደሆነ ይነገራል። በ1938 የወንዶቹ ተከተለ፦ የመላጫ ሳሙናና ከተላጩ በኋላ ፊት ላይ የሚቀባ ፈሳሽ። መለያው ባለሸራ መርከብ ሆነ።

መዓዛውን ልብ ብለን ስናሸተው ግን ባሕሩ የለም። መጀመሪያ ብርቱካን ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ቀላሉ ቅንጣት ፈጥኖ ይተናልና። ከዚያ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገውዝ ይሞቃሉ። ከባዱ ቫኒላ ዘግይቶ ቆዳ ላይ ያድራል። ቀረፋና ቅርንፉድ! ለእኛ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጠረን፣ የእናት ጓዳ ማስታወሻ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መዓዛ ፆታ የለውም፤ ፆታ የሰጠው ሥዕሉ ነው። ርኅራኄን እንደ ነውር መደበቅ የተማረ ስንት ወንድ፣ መርከበኛ የሆነ እየመሰለው፣ በየማለዳው የእናትን ቤት ጉንጩ ላይ ሲቀባ ኖሯል!