ታርዛን በጎንደር ፒያሳ

የጎንደርን ሲኒማ ቤት የሠራው ጣሊያን ነው። ከተማችንን በ1928 ዓ.ም ያዘ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም ተሸንፎ ለቀቀ፤ ፒያሳ ላይ ካቆማቸው ሕንፃዎች ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ቀሩልን። እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ስንላክ ከበርበሬው መግዣ ቆንጠር አድርገን የምንሮጠው ወደዚያው ነበር። ካውቦይ እናያለን፣ የህንድ ፊልም እናያለን፣ ከሁሉም ግን ታርዛን ይበልጥብናል። ጥቁሮቹ ጦር ይዘው ከቁጥቋጦው ብቅ ሲሉ አዳራሹ በአንድ አፍ «ከኋላህ!» እያለ ለነጩ ይጮሃል።

የታርዛን ጫካ ግን ሆሊውድ ነበር። ጆኒ ዋይዝሙለር የተወነበት የ1932ቱ (እ.ኤ.አ.) ታርዛን የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ነው። ኤምጂኤም ለ«ትሬደር ሆርን» ፊልም አፍሪካ ድረስ ሰው ልኮ ያስቀረጸው ምስል ተርፎት ስለነበር፣ እሱን ከኋላ በሸራ ላይ እያበሩ ተዋንያኑን ከፊቱ አቆሟቸው። ለጊዜው ትልቅ ጥበብ ነው፤ አልክደውም። ዛሬ ጉድ የሚባልለት፣ «ማንዳሎሪያን» የተሠራበት የኤልኢዲ ግድግዳም የዚያ ሸራ የልጅ ልጅ ነው። የተጨመረው ነገር ካሜራው ሲንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ የጀርባውን ምስል አብሮ ማዞሩ ነው።

በ1952 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖችን መነጽር አስደርጎ የስሪዲ ግርግር ያስነሳው «ብዋና ዴቪል»ስ ስለ ምን ነበር? በምሥራቅ አፍሪካ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ስለሚበሉ አንበሶች! በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ታርዛን በኮምፒውተር ዝንጀሮዎች ታጅቦ ተመለሰ። ተዋንያኑ እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ሠሩ፣ መልክዓ ምድሩ ከጋቦን ተቀርጾ መጣላቸው። ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ መሣሪያው ሲራቀቅ ታሪኩ እዚያው ነው።

ከእኛው ከተማ በ1938 ዓ.ም የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም ልጅ ሳሉ ለታርዛን ይጮሁ እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል። ቤታቸው ግን ሌላ መድረክ ነበረው፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ቴአትር እየደረሱ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው አሜሪካ ሄደው ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። በ1974 (እ.ኤ.አ.)፣ ዘውዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ ለዕረፍት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ያህል። ጭሰኛና ባለርስት በአማርኛ ይነጋገሩበታል፤ ለማንም ውጭ አገር ሰው «ከኋላህ!» የምትልበት ቦታ የለውም።

«ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን አከፋፋይ ሲነፍጋቸው አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ሌላው ፊልማቸው «ጤዛ» ገንዘብ እስኪገኝ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ለአዲሱ ቴክኖሎጂ ግን ውለታውን አልነፍገውም፤ «ሳንኮፋ» በ2021 (እ.ኤ.አ.) በአራት ኬ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ደርሷል። በአገራችንም ቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ነው ሴሉሎይድ መግዣ የሌለው ወጣት ፊልም መሥራት የጀመረው። ስለዚህ የሆሊውድን ብሎክበስተር የኤልኢዲው ግድግዳ ይለውጠዋል ብዬ አልጠብቅም፤ የረከሰው ካሜራ ግን ማን እንደሚተርክ ለውጧል።

ፒያሳ ላይ ሠርግ የምትቀርጹ ልጆች፣ በእጃችሁ ያለው ካሜራ ከዚያ የ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ እጅግ ይሻላል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ፈልጋችሁ እዩት፣ ከዚያ የራሳችሁን ጀምሩ።